ነጋዴ ያመጠቀው ሮኬት

ግንቦት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ነው። ዒደል ፊጥር ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላውም። ኮሮና የሚሉት በሽታ ሰዉን ከየቤቱ ያዋለበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ላይ ብቻ ሰላም የሚባባልበት ወቅት ስለነበር፣ ኮልፌ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ባለው ቤታችን ኢሻን ከቤተሰቡ ጋር ሰግደን ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። የወንድሜ ልጅ ስልኩን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ፣ ከአሜሪካ ፍሎሪዳ በቀጥታ የሚተላለፍ ነገር እንድናይ ጎትጉቶ ሰበሰበን። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ሲሆን አንድ ነጭ ሮኬት ሁለት ሰዎች አሳፍሮ በእሳት ላይ ተነሣ።

ልጆቹ ጮሁ። እናቴ «ያ ረብ፣ እነዚያ ሰዎች ልጆች አሏቸው?» አለች። አጎቴ ግን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ጠየቁ።

«ይኼ የመንግሥት ነው?»

«አይ አጎቴ፣ የግል ኩባንያ ነው።»

«የነጋዴ?»

«አዎ፣ የነጋዴ።»

«እዚህ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ከሠረ?»

አጎቴ መርካቶ በተሸካሚነት ጀምረው፣ ኋላ ኮልፌ ላይ የለስላሳ መጠጥ ማከፋፈያ ከፍተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ስለዚያ ሮኬት በጋዜጣውም በሬዲዮውም ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ከሰማሁት ሁሉ እንደ እሳቸው ጥያቄ የቆየብኝ የለም። ሰውን ወደ ምድር ምሕዋር የማውጣት ሥራ እስከዚያ ምሽት ድረስ የሦስት መንግሥታት ብቻ ነበር፤ የሩስያ (ቀድሞ የሶቪየት ኅብረት)፣ የአሜሪካና የቻይና። በዚያች ምሽት አንድ የንግድ ድርጅት አራተኛ ሆኖ ገባ። ይህን ስንሰማ ምን አልን? ከዚያ በፊትስ፣ ነጋዴ እጁን ወደ ሰማይ በዘረጋ ጊዜ ምን ብለን ነበር? ይህ ጽሑፍ የሚያወጋው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ የአጎቴን ጥያቄ እንመልስ። መልሱ ሦስት ጊዜ ነው። ኤሎን መስክ የተባለው ባለሀብት ስፔስኤክስን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሮኬቱን ፋልከን 1 ያስነሣው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ማርሻል ደሴቶች ውስጥ፣ ኦሜሌክ ከምትባል ትንሽ ደሴት ነበር። መጋቢት 1998 ዓ.ም. የተነሣው አንደኛው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ወደቀ። በዓመቱ መጋቢት 1999 የተነሣው ሁለተኛው ሕዋ ቢደርስም ምሕዋር ሳይገባ ቀረ። ሦስተኛው ሐምሌ 2000 ላይ ሲነሣ የታችኛው ክፍል ከላይኛው ከተለያየ በኋላ ተመልሶ ገጨውና ሁለቱም ጠፉ። ባለቤቱ ኋላ እንደተናገረው የቀረው ገንዘብ ለአንድ ሙከራ ብቻ ይበቃ ነበር።

አራተኛው የተነሣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2008 ነው፤ በአዲስ አበባ ሰዓት መስከረም 19 ቀን 2001 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ። ቀኑን ከሂጅራው አቆጣጠር ጋር ላስተያየ ሰው ነገሩ ይገርማል፤ ያ ሌሊት ከ1429ኛው ረመዷን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች አንዱ ነበር። ያን ሰዓት ኮልፌ ላይ ነቅቶ የነበረው ሰው ብዙ ነው። ከመስጂድ የለይል ሶላት ሰግዶ የሚመለስ አለ፤ ሱሑር ለማብሰል ከሰል የምታቀጣጥል እናት አለች። በዓለም ላይ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ፣ በግል ኩባንያ የተገነባ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ምሕዋር ሲገባ ግን ከእኛ መካከል የሰማ አልነበረም። ሮኬቱም የጫነው 165 ኪሎ የሚመዝን የሙከራ ብረት ብቻ ነበር። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «ባዶ ጭነት ማለት ነው፤ መንገዱን ለማየት» አሉ። በሦስተኛ ወሩ ግድም የአሜሪካ መንግሥት የሕዋ ድርጅት ናሳ ለ12 የዕቃ ጉዞዎች የ1 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። እንግዲህ ነጋዴውን ያቆመው የራሱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ካዝና ነው፤ ይህን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው።

የእኛ ሀገር ሰው «ነጋዴ ሮኬት አመጠቀ» ሲባል ጆሮውን የሚጠራጠርበት ምክንያት አለው። በደርግ ዘመን በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200 ሺህ ብር፣ የጅምላ ነጋዴ ከ300 ሺህ፣ የኢንዱስትሪ ባለቤት ከ500 ሺህ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ነጋዴ ማለት በሬዲዮ «ሸቀጥ ደባቂ» ተብሎ የሚረገም፣ በቀበሌ ስብሰባ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ነበር። የመርካቶና የኮልፌ ሙስሊም አባወራ ደግሞ፣ የመንግሥት ወንበርና የመሬት ርስት ለረጅም ዘመን ስላልተመቸው፣ አብዛኛው የኖረው በንግድ ነው። ስለዚህ ለእኛ ሰፈር ሰው ነጋዴ ከሰማይ ጋር ሲነገድ ማየት ከሩቅ የመጣ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ የራሱ ሙያ ክብር ማግኘቱን የሚሰማበትም ወሬ ነበር።

ሮኬት ራሱ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ግርጌ በእሮጌ ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጋጠሙ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰዎች በበቅሎ አምጥተው የተኮሱባቸው ሮኬት ነበር፤ ጩኸቱና የእሳት ጅራቱ ከመግደሉ ይልቅ በማስደንገጡ የበረታ። የዚያ መሣሪያ ዘር ከየት እንደመጣ ስንመረምር ደግሞ ወደ ደቡብ ሕንድ እንሄዳለን። የማይሶር ገዥዎች የነበሩት ሐይደር ዓሊና ልጃቸው ቲፑ ሱልጣን በብረት ቀፎ የተሠራ ሮኬት በእንግሊዞች ላይ ተኩሰው እ.ኤ.አ. በ1780 ፖሊሉር ላይ ድል ነሥተዋቸው ነበር። ቲፑ እ.ኤ.አ. በ1799 ከወደቁ በኋላ እንግሊዞች የተረፈውን ሮኬት ወደ ሀገራቸው ወስደው ዊልያም ኮንግሪቭ የተባለው ሰው አሻሻለው። ሙስሊም ሱልጣን የሠራው ነገር በጠላቱ እጅ ገብቶ፣ ከሕንድ ቦምቤይ በተነሣ ጦር ተይዞ በሀበሻ ተራራ ላይ ጮኸ። የመጀመሪያው የሮኬት ትዝታችን ይህ ነው፤ ደስታ የለበትም።

ሁለተኛው ትዝታ የሬዲዮ ነው። በ1977 ዓ.ም. ሀገሪቱ በድርቅና በረሃብ ስትጨነቅ፣ የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን በአሜሪካዋ ዲስከቨሪ መንኮራኩር ወጣ። እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1985 ነበር፤ ይህም በረመዷን ማብቂያ ላይ የዋለ ነው። የመጀመሪያው ዓረብ፣ ከሙስሊሞችም የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ነበር። አባቴ ወሬውን ከዓረብኛ ጣቢያ ሰምቶ ለጎረቤቶች ሲናገር፣ ጥያቄው ሁሉ «ፆሙን እንዴት ይፈታል? ቂብላውን እንዴት ያገኛል?» የሚል ነበር። ያ በረራ ይዞት የወጣው ዕቃ ምን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። ዓረብሳት 1ቢ የተባለች የመገናኛ ሳተላይት ነበረች። ወንድሟ ዓረብሳት 1ኤ ደግሞ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 8 ቀን በአሪያን ሮኬት ወጥታለች። ይህን ሮኬት ይሸጥ የነበረው አሪያንስፔስ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመና ሳተላይት የማምጠቅን ሥራ እንደ ንግድ አገልግሎት መሸጥ የጀመረ የመጀመሪያው ድርጅት ነው። ነጋዴው እንግዲህ ያኔም በበሩ ቆሞ ነበር፤ እኛ ያየነው ልዑሉን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ። ኖኅ ሳማራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1956 አዲስ አበባ ውስጥ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት የተወለደ፣ አሜሪካ ሄዶ ሕግ የተማረ ሰው ነው። ኤድስ በአፍሪካ የሚያደርሰውን ዕልቂት ባነበበ ጊዜ አንድ ነገር ከነከነው፤ ሕዝቡ በዚህ መጠን የሚያልቀው ስለ በሽታው የሚነግረው ስላጣ ጭምር ነው። በአህጉራችን ገጠር ጋዜጣ አይደርስም፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል። ታዲያ ከሰማይ በቀጥታ ወደ ትንሽ ሬዲዮ ድምፅ ቢወርድስ? በ1990 እ.ኤ.አ. ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ ዋሽንግተን ላይ አቋቋመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስፔን ውስጥ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ሞገድ ጉባኤ ለሳተላይት ሬዲዮ የሚሆን ሞገድ ተፈቀደ። ገንዘቡንም፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ ባለሀብቶች ጭምር፣ አሰባሰበ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1998፣ ማለትም ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት በፈረንሳይ ጉያና ከኩሩ በአሪያን 4 ሮኬት ተነሥታ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ተቀመጠች። አፍሪካንና መካከለኛውን ምሥራቅ ከላይ ሆና ታያለች።

አዲስ አበባ ላይ ያኔ ወሬው የጦርነት ነበር፤ ከኤርትራ ጋር የተነሣው ግጭት ከተጀመረ ስድስት ወር ገደማ ሆኖታል። እንዲያም ሆኖ «የአዲስ አበባ ልጅ ሳተላይት አመጠቀ» የሚለው ቃል መርካቶ ደረሰ። የሰው አቀባበል ሦስት ዓይነት እንደነበር አስታውሳለሁ። ደስ ያለው ነበር። «አባቱ ሱዳናዊ ነው፤ የእኛ ነው የነሱ?» ብሎ የተከራከረም ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ክርክር እኛ ዘንድ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! ሦስተኛው ደግሞ የፈራው ነው። በሀገሪቱ የግል ሬዲዮ ጣቢያ ገና ያልተፈቀደበት ጊዜ ስለነበር፣ ከመንግሥት ሬዲዮ ውጭ የውጭ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ድምፁን ቀንሶ ማዳመጥ የለመደ ሽማግሌ «ከሰማይ የሚወርደውን ሬዲዮ ማን ይዘጋዋል? ካልተዘጋስ ማን ይጠየቅበታል?» ይል ነበር።

ሥርጭቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ ጎረቤታችን ከጂዳ ሲመለስ መቀበያውን ይዞ መጣ። ካሬ የሆነች ጠፍጣፋ አንቴና አለችው፤ ግቢ አውጥቶ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ ሲያስተካክላት ሠፈሩ ተሰብስቦ ያያል። ድምፁ ሲመጣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር፤ መንኮሻኮሽ የሚባል ነገር የለም። ቢቢሲ አለ፣ ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ ዘፈን አለ። ሁሉም አደነቀ። አጎቴ ዋጋውን ጠየቁ። ከ200 ዶላር በላይ መሆኑን ሲሰሙ በጊዜው ምንዛሪ፣ አንዱን ዶላር በ8 ብር ገደማ፣ በጣታቸው አሰሉትና «ይህማ ላም ነው» አሉ። «ላሟን የሸጠ ገበሬ ሬዲዮ ይዞ ምን ይጠጣል?»

የወርልድስፔስ ታሪክ ፍሬ ነገር በዚህች በአጎቴ ቃል ውስጥ አለ ብል አላጋነንኩም። ሳተላይቷ አልተበላሸችም፤ ሮኬቱም አልወደቀም። እ.ኤ.አ. በ2000 እህቷ እስያስታር ደግሞ ወጣች። የተበላሸው ሒሳቡ ነው። ድምፁ የታሰበለት ድሃ መቀበያውን መግዛት አልቻለም፤ መግዛት የሚችለው ሀብታም ደግሞ ሌላ ብዙ ምርጫ ነበረው። ኋላ ኩባንያው በወር ክፍያ ወደሚሠራ አገልግሎት ዞረ፤ ደንበኞቹ በብዛቱ ጊዜ እንኳን 170 ሺህ ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹም ሕንድ ውስጥ ነበሩ። ኦሜሌክ ደሴት ላይ አራተኛው ሮኬት ምሕዋር ከገባ በ19ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2008፣ ወርልድስፔስ ዕዳውን መክፈል አቅቶት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በአንድ ወር ውስጥ አንዱ ነጋዴ ሲድን ሌላው ወደቀ። የዳነው ደንበኛው መንግሥት ስለነበር፣ የወደቀው ደንበኛው ድሃ ስለነበር ነው ማለት ነገሩን ማሳጠር ይሆናል፤ ነገር ግን ሐሰት አይደለም። በዚያ ውድቀት ላይ «ገንዘቡን በላው» ብለው የሳቁ ነበሩ። እኔ አልሳቅሁም። ለገጠር ሰው ስለ ኤድስ የሚናገር ሬዲዮ ከሰማይ ለማውረድ የተነሣ ሰው በማትረፍ ቢወድቅ እንኳ በማሰቡ አይናቅም።

የመንግሥት ሳተላይት ሲመጣ የሰዉ አነጋገር ይለወጣል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጁምዓ ንጋት ላይ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ 1ን ከቻይና ታይዩዋን በቻይና ሮኬት አመጠቀች። 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን፣ እርሻን፣ ደንንና የአየር ጠባይን ከላይ የምትቃኝ ነበረች፤ ከወጪው አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት። ባለ ሥልጣናትና የሳይንስ ሰዎች እንጦጦ ተሰብስበው በቀጥታ ሲያዩ አጨበጨቡ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግን በየመስጂዱ ደጃፍ የነበረው ወሬ ተከፍሎ ነበር። አንዱ ወገን «አልሐምዱ ሊላህ፣ እኛም ደረስን» ይላል። ሌላው «ዘይት በወረፋ እየገዛን ሳተላይት?» ይላል። እንጦጦ ላይ የዚህ ሥራ መነሻ የሆነው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት ሰዎቹ እንደ እብድ ታይተው እንደነበር ይነገራል። የዋክብት መመልከቻው ሕንፃ የቆመው ደግሞ በግል ባለሀብት፣ በሼህ ሙሐመድ ሑሴን አል አሙዲ፣ ገንዘብ ነው። በዓመቱ ታኅሣሥ 2013 ሁለተኛዋ ትንሽ ሳተላይት ስትወጣ የሰሜኑ ጦርነት ተነሥቶ ስለነበር ያጨበጨበም የተቃወመም ብዙ አልነበረም።

የዳቦው ጥያቄ የድሃ ሀገር ጥያቄ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1969 አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሆች ጥቁር ቤተሰቦችንና በበቅሎ የሚጎተት ጋሪ ይዘው ፍሎሪዳ በሮኬቱ ደጃፍ ቆመው ነበር። የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥተው አነጋገሯቸው። ከ51 ዓመት በኋላ፣ እኛ በስልክ ባየነው ምሽት፣ በዚያችው አሜሪካ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ትንፋሹ ከቆመ ሳምንት አልሞላውምና ከተሞቿ በቁጣ ይነዱ ነበር። ብዙ ሰው ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አይቶ ዝም አለ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በ1969 «ገንዘቡ የሕዝብ ነው» ተብሎ የተጠየቀው ጥያቄ በ2020 ለነጋዴው ያን ያህል አልቀረበለትም። «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ቢፈልግ ያቃጥለው» ተባለ። ውሉ ግን ከሕዝብ ግብር የተከፈለ ነበር። ለመንግሥት የምናነሣውን ጥያቄ ለነጋዴ ማቆም ለምን እንደቀለለን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ለአጎቴ ያን ምሽት አንድ ነገር ጨምሬ ነገርኳቸው። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ የሮኬቱን የታችኛውን ክፍል መልሶ በእግሩ እንደሚያሳርፍና ደግሞ እንደሚጠቀምበት። የወንድሜ ልጅ ቪዲዮውን አሳያቸው፤ ሮኬቱ ከሰማይ ወርዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ባዶ ጠርሙሱን መለሰው!» አሉ። «እስከ ዛሬ ለስላሳውን ጠጥተው ጠርሙሱን ሲሰብሩ ነበር ማለት ነው? ሳጥኑንም? መንግሥት እንጂ ነጋዴ እንዲህ አያደርግም።»

በዚያን ሰሞን ኮልፌ ጣሪያ ላይ ሌላ ሥራ ነበር። የሀገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው ሥርጭት እየተዛወሩ ስለነበር፣ ወደ ምዕራብ ወደ ናይልሳት ሲያይ የኖረው ዲሽ ሁሉ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት። ሥርጭቱ የሚወርደው ኤንኤስኤስ 12 ከተባለች ሳተላይት ነው። እሷም የንግድ ኩባንያ ንብረት ናት፤ ያመጠቃትም አሪያንስፔስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2009፣ አፍሪስታር ከተነሣች 11 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ ከዚያው ከኩሩ። ያን ቀን እዚህ ያጨበጨበላት አልነበረም። ዛሬ ግን ከዓለም ባንክ እስከ አጠና ተራ የየቤቱ ጣሪያ ወደ እሷ ዞሮ ይታያል።

እናቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈው የሐረም ሶላት እንዳይጠፋባት። ስለዚህ ሠራተኛው ሁለተኛ ዲሽ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ቆርቆሮው በእግሩ ሥር ይንኳኳል።

«መጣ?» ይላል ከላይ።

«ገና ነው ልጄ» ትላለች ከሳሎን፣ መቆጣጠሪያውን ይዛ። «ድምፁ መጥቷል፤ ሥዕሉ ነው የቀረው። ትንሽ ወደ ግራ።»